ከእህቱ ቀድሞ የማያውቅ

ናሞቱ መንደር፣ ከታቬዩኒ ደሴት ማዶ
ሰኞ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2015

የሆዴ ልጅ ኡናይሲ፣

የወንድምሽ ወሬ የደረሰኝ ዕለት ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ከመንደሩ ሴቶች ጋር መረባችንን ይዘን ከጥልቁ ዳር፣ ዐለቱ ላይ ቆመናል። ጠዋት እሱን በጀልባ ሸኝቼ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ከምቀመጥ ብዬ ነው ከነሱ ጋር የወጣሁት። አንዷ ስለ ባሏ ማንኮራፋት እያወራች ታስቀን ነበር።

ድንገት ሽማግሌ ኪቲዮኔ ከመንደሩ ወደ ባሕሩ ሲወርድ አየሁት። በሥራ ቀን የእሑድ ሱሉውን፣ የወገብ ሽርጡን፣ ታጥቋል። በብብቱ በቅርፊት ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። አልጮኸም፣ እጁንም አላወዛወዘም። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። በሥራ ቀን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ ወደ ዳርቻ የሚወርድ ሰው መርዶ ብቻ ሊናገር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ጠዋት ከመንደራችን የወጣች ጀልባ ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች።

እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እንደ ወጉ፣ ቃሉን ሳያቻኩል ነገረኝ። ጥርሱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። እስካሁን የሚቆጨኝ፣ ሞኝነት መሆኑን ባውቅም፣ ሳልታጠብ መቀበሌ ነው።

ይህን ሁሉ የወንድሜ ልጅ ሲኬሊ በስልክ ነግሮሻል። እኔም በልቅሶው በአራተኛው ሌሊት ድምፅሽን ሰምቻለሁ፤ እንባ ግን አላነጋገረንም። ከዚያ ወዲህ ግን ስልኩን አታነሺም። አባትሽ «ተያት፣ ስትፈልግ ትደውላለች» ይላል፤ ግን መረብ እያደሰ ሳለ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ባሕር ማዶ ኦክላንድ ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ አንድ ነገር ነገሩን። ከቤተ ክርስቲያን ቀርተሻል አሉ። «የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ና ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ» ብለሻል አሉ። የመኖሪያ ወረቀትሽም ከቀብሩ በኋላ እጅሽ ገብቶ ሳለ፣ ሐዘኑ ለሚያበቃበት ለመቶው ሌሊት ትመጪ እንደሆነ ሲጠይቁሽ «ምን ፊት አለኝና» ብለሽ ተነስተሽ ወጣሽ አሉ።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። ይዛልሽ የምትመጣው የሰበካው አስተማሪ ልጅ ሎሳሊኒ ናት፤ ነርስነቱን ጨርሳ እዚያው ሥራ አገኘች። በእጅሽ ካልሰጠችሽ እንዳትመለስ ብያታለሁ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። ልጅ ሳለሽ «የእማ ጽሕፈት የሸርጣን ዱካ ነው» እያልሽ ትስቂ ነበር። እግሬን ባርኩማ ላይ ሰቅዬ፣ ከሰሌኑ ሥራ አረፍ ባልኩ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ልጄ፣ አንቺ በቃልሽ ገደልኩት ትያለሽ። በእናንተ መካከል ያለፈው ቃል ሁሉ ያለፈው በእኔ አፍ ነው። ስለዚህ ቃልሽ ምን እንዳደረገ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂውንም እጽፈዋለሁ፤ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ታነቢው ይሆናል፣ እዚያ ደግሞ የእኛን ወግ የማያውቅ ሰው አይጠፋም።

በእኛ መንደር እህትና ወንድም ከፍ ካሉ በኋላ አይነጋገሩም። ጠብ አይደለም፣ ክብር ነው። ጎን ለጎን አይሄዱም፣ ስም አይጠራሩም። ወንድም ከእህቱ ፊት አይቀድምም። የሚሉት ካላቸው በእናት በኩል ይላሉ፤ እህት በእናት በኩል የላከችውን ቃል ደግሞ ወንድም እንቢ አይልም። በዚህ ምክንያት ነው የሁለታችሁ አፍ ሆኜ የኖርኩት። «እማ፣ ቢላዋዬን ማን እንደወሰደው ጠይቂያት።» «እማ፣ ዓሣ ልቆርጥበት ነው በይው።» ሁለታችሁም እዚያው ቤት፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጣችሁ። አንዳንዴ አባታችሁ «ኪኒሲሜሬ፣ አንቺ ሬዲዮ ነሽ» ይለኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱን መንገድ አስቢው። ባሕሩ ሳይመለስ ወደ ውሃው የገባውን የምድር ጫፍ መዞር ነበረባችሁ፤ ያለዚያ ዐለቱ ላይ መውጣት ነው። ስለዚህ ትሮጪ ነበር። እሱ ታናሽ ነው፣ እግሩ አጭር ነው። «ጠብቂኝ» ሊልሽ አይችልም። ሊደርስብሽ አይገባም፤ ሊቀርም አይችልም። ስለዚህ ተረከዝሽን እያየ፣ ሳይቀርብ ሳይርቅ ይከተልሽ ነበር። አንቺም አንድ ቀን ዞረሽ አላየሽም። ግን ትንፋሹ ካልተሰማሽ እርምጃሽን ቀስ ታደርጊ ነበር። እኛ ሴቶች ከላይ፣ ከዛፉ ሥር ሰሌን እየታታን እናያችኋለን። የሲኬሊ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እነዚህ ልጆች በማይታይ ገመድ የታሰሩ ናቸው» ትል ነበር።

ሰው ወንድምሽን ኤሞሲን መሮጥ ያስተማረው መምህሩ ማስተር ጋንጋያ ነው ይላል። ማስተርማ ታቬዩኒ ላይ፣ በካህናት አባቶች ትምህርት ቤት አግኝቶት ነው። ቤታችን የመጣበትን ቀን አንቺ አልነበርሽም፤ ዋናው ከተማ ሱቫ፣ ልብስ መስፊያ ፋብሪካ ገብተሽ ነበር። ከጀልባ ሲወርድ ባሕሩ አዙሮት ፊቱ አመድ መስሏል፤ ያም ሆኖ ጫማውን አውልቆ ሰሌኑ ላይ በሥርዓት ተቀመጠ።

«የኤሞሲ አባት፣ ልጅዎ እንዲሮጥ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ።

«ይሩጥ እንጂ» አለ አባትሽ፤ ለእሱ መሮጥ ማለት ራግቢ፣ ኳስ ታቅፎ መሮጥ ነው። «የየትኛው ቡድን ነው?»

«ቡድን አይደለም። ብቻውን ነው።»

«ኳሱንስ ማን ያቀብለዋል?»

«ኳስ የለውም።»

አባትሽ ከራሱ እስከ እግሩ አየው። «ታዲያ ምን ይዞ ነው የሚሮጠው?»

«ምንም አይዝም።»

«ማን እያሳደደው?»

«ማንም።»

አባትሽ ወደ እኔ ዞረና በኛ ቋንቋ «ሴትዮ፣ ለዚህ ሰው የኮኮናት ውሃ ስጪው፣ ፀሐይ መትቶታል» አለኝ። ማስተር ቋንቋችንን ከኛ አስበልጦ እንደሚያውቅ አላወቀም። «ውሃው ደስ ይለኛል፤ ፀሐዩ ግን አልመታኝም» ሲል አባትሽ የሚገባበት ጠፋው። ወንድምሽ በዚህ ሁኔታ ነው ሯጭ የሆነው። ሲኬሊማ፣ የእናት ወንድም ልጅ መቀለድ በወጋችን ግዴታው ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘው ቁጥር «ኳሱን የት ጣልከው?» ይለው ጀመር።

ማስተር ደግሞ አንድ ስህተት ሠራ። ኤሞሲን የምታፈጥን ሮጥ ሮጥ የምትል ልጅ ፈልጎ፣ ያቺን የአባትሽን ታላቅ ወንድም ልጅ፣ ቫራኒን አመጣ። «አንቺ ሁለት ዙር ትመሪያለሽ፤ አንተ ከዚያ ትቀድማታለህ» አላቸው። ሁለት ዙር መራች። ሦስተኛውን መራች። ማስተር «ቅደማት!» እያለ ይጮኻል፣ ኤሞሲ ከኋላዋ ነው። ልጅቷ ደክሟት መራመድ ጀመረች፤ እሱም ከኋላዋ መራመድ ጀመረ። ማስተር ባርኔጣውን መሬት ላይ ወርውሮ ረገጠው አሉ። በማግሥቱ ባሕሩ እያዞረው እኔ ዘንድ መጣ።

«የኤሞሲ እናት፣ ይህን ልጅ ምን ነካው? በደንብ መቅደም ይችላል እኮ።»

«ማስተር፣ እህቱን እንዴት ይቅደም?»

«እህቱ አንድ ናት፣ ሱቫ ናት አላሉኝም?»

«ያችኛዋ ከሆዴ የወጣችው ናት። ይህች የአባቱ ወንድም ልጅ ናት፤ እህቱ ናት።»

ራሱን ያዘ። «ስንት እህት ነው ያለው?»

«እኔ እንጃ ማስተር፣ ይህን ጠይቆን የሚያውቅ ሰው የለም።»

ሳቅኩበት፤ እሱም ቆይቶ ሳቀ። ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። የሚያፈጥኑትን ልጆች ወንዶች ቢያደርግለትም የኤሞሲ እግር ለምዶት ኖሯል። ከፊቱ ሰው ሲያገኝ ሳይቀርብ ሳይርቅ ይከተላል። ከማንም በላይ ትንፋሽ ተርፎት ሁለተኛ ይወጣል። በሱቫው የትምህርት ቤቶች ውድድር እንዲሁ ሆነ። አንቺ ያኔ እንዳያይሽ ብለሽ ከላይኛው መቀመጫ፣ ከሰው ጀርባ ሆነሽ ታይ ነበር። ሲጨርስ በሰበካው ስልክ ደወልሽልኝ። ሰላም እንኳ አላልሽኝም።

«እማ፣ ንገሪው» አልሽኝ። «ከፊቱ ያለው ሰው እኔ አይደለሁም በይው።»

ያን ቃል ይዤ ጠበቅኩት። ሲመጣ፣ ጎደሬ እየላጥኩ ነበር፣ ነገርኩት። ቢላዋውን ተቀበለኝና እሱ ይልጥ ጀመር። ብዙ ከላጠ በኋላ ለብቻው ሳቀ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሺ አምስት መቶ ሜትሩ የመጨረሻ መዞሪያ ላይ ያን ረጅሙን ልጅ ሲቀድመው ሱቫ በሙሉ ተነሣ አሉ። ማስተር ግን አልተነሣም። ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ፖሊስ ውስጥ ገባ፣ ለነሱ ሮጠ፣ ከዚያ ለሀገር ሮጠ። ከደሴቶቹ ውድድር በስምንት መቶ ሜትር የብር ሜዳልያ ይዞ የመጣ ቀን መንደሩ ዐሣማ አረደ። ሽማግሌ ኪቲዮኔ በንግግሩ «ባዶ እጁን ሮጦ እጁ ሞልቶ የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው» አለው። ሲኬሊ ከኋላ «ኳስ ቢይዝማ ወርቅ ነበር» ብሎ ሰውን አሳቀ። ያን ሌሊት ሜዳልያውን አንገቴ ላይ አድርጎ «እማ፣ ጫማው የእሷ ነው፣ ስለዚህ ግማሹ የእሷ ነው» አለኝ። ጫማውን አንቺ ነበር አረጋውያን ከምታጥቢበት ከኦክላንድ የላክሽለት። እኔም ደውዬ ነገርኩሽ። «ጫማው ጠበበው ወይ ብለሽ ጠይቂው» አልሽኝ። ስልኩ ውስጥ ግን አፍንጫሽን ስትጠርጊ ሰማሁ።

ከዚያ የተረከዙ ጅማት አመመው። አንድ ዓመት አረፈ፣ ሲመለስ ልጆቹ ፈጥነው ጠበቁት። ከቡድኑ ሲቀር አልነገረኝም፤ ከሲኬሊ ሰማሁ። የፖሊሶቹ ካምፕ ውስጥ ተቀመጠ እንጂ ሁለት ገና ሙሉ ቤት አልመጣም። አፍሮ ነው። እዚህ ማንም የሚያሳፍረው አልነበረም፤ እሱ ግን መንደሩ ዐሣማ ያረደለትን ሰው ነበር የሚያስበው። እኔ ያን ጊዜ የእግሬ ቁስል አልድን ብሎኝ፣ ስኳሬ ከፍ ብሎ፣ ከቤት አልወጣም። በየቀኑ ማታ በረንዳ ላይ ሆኜ የታቬዩኒን መብራት አያለሁ። ከዚያ መብራት ባሻገር እሱ አለ፣ ከእሱ ባሻገር ደግሞ አንቺ። ጸሎቴ «ጌታ ሆይ፣ አንዱን ብቻ» ነበር።

ታዲያ አንቺ ደወልሽ። «እማ፣ ንገሪው። ውድድሩ ይቆይ። ለገና ወደ አንቺ ይሂድ።»

ነገርኩት። መጣም። በዚህ ነው ራስሽን የምትከሺው። እንግዲህ እኔ ደግሞ አንቺ ያላየሽውን ልንገርሽ።

ከጀልባው ሲወርድ ከስቶ ነበር፤ ግንባሩ ላይ የማላውቀው መስመር ወጥቷል። እግሬን አየና ምንም አላለም። በማግሥቱ ውሃ አሙቆ ቁስሉን አጠበልኝ፤ እስከሄደበት ቀን ድረስ ሌላ ሰው አላስነካም። ቁስሉ ዳነ፤ በዚያ ቀን ዐለቱ ላይ የቆምኩት እሱ ባዳነው እግር ነው። ለገና ቅዳሴ በጀርባው አዝሎ ወሰደኝ። ሲኬሊ በመንገድ አገኘንና «አየህ፣ አሁን የምትይዘው ነገር አገኘህ» አለው። ኤሞሲም «ኳስ ብትሆን ኖሮ አቀብልህ ነበር፤ እማን ግን አልሰጥም» አለው። ጀርባው ላይ ሆኜ ሳቁ ደረቴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ያን አስቢ፣ ኡናይሲ። ካደገ በኋላ ልጄን ተደግፌ ሳቁን በአካሌ የሰማሁበት ሌላ ቀን የለኝም።

ከአባትሽ ጋር ከላይኛው እርሻ ያንጎና፣ ሥሩን ጨምቀን የምንጠጣውን ተክል፣ ተከሉ። አባትሽ «ይህ እስኪደርስ እኮ ዓመታት ነው» ሲለው፣ «ደርሼ እነቅለዋለሁ» አለው።

መሮጡን የጀመረው ከገና በኋላ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ብቻውን ወደ ጫፉ ይሄዳል፤ በእናንተ በድሮው መንገድ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ። ከዚያ ፈጠን አለ። የመንደሩ ሕፃናት ከኋላው ይንጋጋሉ፣ አንዳቸውም አይደርሱበትም። እኔ ከዛፉ ሥር አያለሁ። አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኖ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «እማ፣ ከተማ ውስጥ ለምን እንደምሮጥ ረስቼው ነበር። እዚህ ትዝ አለኝ» አለኝ። ምን ትዝ እንዳለው አልጠየቅኩትም። ዐይኑ ጫፉን ያይ ነበር፤ ያ ለእኔ በቂ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለማስተር ደወለ። ለጁላዩ የደሴቶች ውድድር ማጣሪያ እንደሚሞክር ነገረው። ማስተር ከደስታው የተነሣ ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት አሉ። ልጄ፣ ይህን በደንብ አንብቢው፦ ወደ ሱቫ ሊመልሰው የተነሣው ጀልባ ያንቺ ጀልባ አይደለም። በዚያ የተሳፈረው ሊሮጥ ነው፤ ደስ ብሎት፣ ማንም ሳይጠራው። ያንቺ ጀልባ ወደ እኔ ያመጣው ነው። አንቺ ባትጠሪው ኖሮ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳላየሁት፣ ራሱን ሳልዳስስ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ሳይኖረኝ በሱቫ በአንዱ መንገድ ሞተ የሚል ወሬ ይደርሰኝ ነበር። ሞት በሁሉም ቦታ መንገድ ያውቃል። እነዚያን ሳምንታት ግን አንቺ ባትሰጪኝ ሌላ የሚሰጠኝ አልነበረም።

አሟሟቱን ጀልባዋን ይነዳ የነበረው ሲኬሊ ለእኔም ነገረኝ። በዐለቱ መሐል ባለው መተላለፊያ ላይ ሞተሩ ጠፋ፣ ማዕበሉ ከጎን መጣ፣ ጀልባዋ ስትገለበጥ ጭንቅላቱን መታችው። አልታገለም ብሎኛል። ሲኬሊ ራሱ እየዋኘ ይዞት ነው ዐለቱ ላይ የወጣው። አልዋሸኝም፤ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካካል፣ ያን ቀን እጁ ጭኑ ላይ ነበር።

ሲኬሊ ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። በአራተኛው ሌሊት ሰው ሁሉ በመቃብሩ ዙሪያ ተቀምጦ የእሱን ቀልድ ይጠብቃል፤ ለሟች የአጎት ልጅ ካልቀለደ ማን ይቀልዳል? እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ አሸዋውን ይጭራል። ሽማግሌ ኪቲዮኔ «ልጄ፣ ባዶ አፍህን አትሸኘው» አለው። ሲኬሊ ተነሥቶ ወደ መቃብሩ ቀረበና «ይኸው፣ አሁንም ኳሱን ረስተህ ሄድክ» አለው። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ። አባትሽ ግን እየሳቀ ቀረ፤ ማቆም አቅቶት ሰው ደግፎ አስገባው።

ማስተር ጋንጋያም ከሚስቱ ጋር መጥቶ ነበር። ሩዝና ዱቄት ይዘው፣ ከበሩ አጠገብ ከታችኛው ሰሌን ተቀመጡ። ወደ ላይ ጠጋ በሉ ብንላቸው እንቢ አሉ። «እህቱ አልመጣችም?» አለኝ።

«ወረቀቷን እየጠበቀች ነው፣ ማስተር።»

«ስትመጣ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ሰው አሰልጣኙ እኔ ነኝ ብሎ ሲያጽናናኝ አፍራለሁ። ያሠለጠነችው እሷ ናት። እኔ ሰዓት ያዥ ነበርኩ።»

እሱንም ቃል ይኸው አደረስኩ። አሁን የቀረኝ አንድ ነው፤ በድምፄ ልነግርሽ ብዬ ነበር ሳልጽፈው የቆየሁት።

በዚያ ጠዋት ሻንጣው ጀልባዋ ላይ ነበር። ሲኬሊ ሞተሩን አስነሥቷል። ኤሞሲ ወጥቶ ከተቀመጠ በኋላ እንደገና ወርዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ውሃው እስከ ጉልበቱ እየደረሰ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ምን ረሳህ?» አልኩት።

«ለእህቴ ቃል አለኝ።»

«ተናገር።»

ሲኬሊ ከኋላ «ባሕሩ ሊሸሽ ነው፣ ሯጩ!» ይላል። ኤሞሲ ሳቅ አለና «እንደ ድሮው ከኋላዋ ነኝ፣ ዞራ አትይ በያት» አለኝ።

«ይኸ ደግሞ ምን ዓይነት መልእክት ነው?»

«እሷ ይገባታል» አለኝ። ግንባሬን ስሞ ሄደ።

እስካሁን ድረስ ይህን ቃል አፌ ውስጥ ይዤ ተቀምጫለሁ። በየቀኑ ልነግርሽ እደውላለሁ፣ አታነሺም። ይኸው፣ ልጄ። የወንድምሽ ቃል ይኸው ነው። ከእንግዲህ ከእሱ ወደ አንቺ የማደርሰው የለኝም።

ከአንቺ ወደ እሱስ? ይህን ሽማግሌ ኪቲዮኔን ጠየቅኩት። «እህት በወንድሟ መቃብር ላይ መናገር ይፈቀድላታል ወይ?» አልኩት። አንድ ሙሉ ኩባያ ያንጎና እስኪጨርስ አሰበ። «ክልከላው ለሕያዋን ነው» አለኝ። «መሬት ከገባ በኋላ የሚያፍር የለም። ትምጣና የልቧን ትናገረው። ስሙን ጠርታ ትናገረው። ከፈለገችም ትስደበው፤ ሳይሰናበት ሄዷልና ይገባዋል።»

ስለዚህ ነይ። ዕድሜሽን ሙሉ በእኔ አፍ ያናገርሽውን ወንድምሽን በራስሽ አፍ አናግሪው። እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ አላዳምጥም። መቃብሩ ከጫፉ በላይ ነው፣ የትምህርት ቤታችሁን መንገድ ያያል።

የመቶው ሌሊት በሜይ መጀመሪያ ነው። ከመንደሩ ፊት ያለው ባሕር እሱ ከተቀበረ ጀምሮ ዝግ ነው፤ መረብ አልነካውም። ልጆቹ እንደሚሉት ዓሣው ሰው መፍራት ትቶ እስከ ዳር ይመጣል። ያን ዕለት ይከፈታል፣ ሁላችንም እንገባለን። አባትሽ ጢሙን አልተላጨም፤ ማን እንዲላጨው እንደሚፈልግ አልተናገረም፣ ግን መቀሱን በአንቺ ሳጥን ላይ አስቀምጦታል። እኔም ጥቁሬን ለብሻለሁ። ከላዬ የምታወልቅልኝ ሴት ማን እንደሆነች የባሌ ዘመዶች ጠይቀውኛል። ትመጣለች ብያለሁ። የምታታው ሰሌን ዳሩ ቀርቷል፤ ቀዩን ክር አንቺ ትጨርሺዋለሽ ብዬ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኦክላንድ ያሉት ሌላም ነገር ነግረውኛል። እንደማትበዪ፣ እንደማትተኚ፣ ከሥራ ስትወጪ ወንዙ ዳር ብቻሽን እንደምትቀመጪ። እኔ በዚህ ላይ የምጽፈው ቃል የለኝም። ይህን ብቻ ልበልሽ። ያ ልጅ በሕይወቱ ሙሉ አንቺን ቀድሞ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀደመሽ። ለመድረስ አትሩጪ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ፣ በዕድሜሽ ልክ፣ አረጋውያኑን እያጠብሽ፣ ልጅ ወልደሽ፣ ተራምደሽ ነይ። ያኔ አንቺ ታደርጊ እንደነበረው፣ ትንፋሽሽ ካልተሰማው እርምጃውን ቀስ አድርጎ የሚጠብቅ ይመስለኛል። ዞሮ ባያይም።

ወደ ቤት የምታመጣሽን ጀልባ ማርያም በእጇ ትያዛት። መተላለፊያው ላይ ባሕሩ ይተኛልሽ። የእኔና የአባትሽ ምርቃት በራስሽ ላይ ይሁን፤ ያጠብሻቸው አረጋውያንም ምርቃት ይጨመርልሽ።

እናትሽ
ኪኒሲሜሬ

መምጣት ካልሆነልሽ በመቶው ሌሊት ይህን ደብዳቤ እዚያ ባለው ጉባኤያችን ፊት አንብቢው። ይህን የምትሰሙ፣ ይህም ወረቀት እጃችሁ ገብቶ የምታነቡ ሁሉ፣ እኔን አታውቁኝም፣ ልጄንም ሲሮጥ አላያችሁት ይሆናል። ስሙ ኤሞሲ ነው። ጥሩ ልጅ ነበር፤ ሰው ገፍቶ አያውቅም። የቆማችሁ ተቀምጣችሁ፣ የቸኮላችሁ ትንሽ ቆም ብላችሁ፣ አንዲት አባታችን ሆይ ድገሙለት፤ ጌታ ነፍሱን እንዲያሳርፍለት ጸልዩለት።